አያ ጅቦና የበጎች ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የተቀመጠ ይነሣ። የደከመው ግድግዳ ይደገፍ፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ግን አልፈልግም። ምክንያቱ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ድሮ ነው። አጥር ይናገር፣ ወንበር ያኮርፍ በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር የበጎች መንደር ነበረ። በመንደሩ አያ ቀንዶ የሚባል አውራ በግ ይኖር ነበር። አያ ቀንዶ ወሬ አይወድም። "እህ" ካለ እሺ ማለቱ ነው። "እህህ" ካለ እንቢ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ የተናገረ ቀን ጎረቤቶቹ "ዛሬስ ዝናብ ሊመጣ ነው" ብለው ያሰጡትን እህል ያስገቡ ነበር።

ሚስቱ እመት ዳሚት ትባላለች። አንድ ጠቦት ወልደዋል። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦቄ ብለው ጠሩት።

አያ ቀንዶ ለቦቄ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሣር ፍለጋ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ሰኮናው አልቋል። ልጁ ግን ተምሮ፣ ጥላ ሥር እንዲቀመጥ ነበር የሚፈልገው። "ልጄ ይቀመጥ" ይል ነበር በልቡ። ይህችን ምኞት ያዙልኝ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሷ ነው።

በመንደሩ ዳር ትምህርት ቤት አለ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሜዳ፣ ከሜዳውና ከመንደሩ መካከል የእሾህ አጥር፣ በአጥሩ ላይ ደግሞ ልጆች የሚሾልኩበት አንድ ሽንቁር። የስፖርት አስተማሪዋ መምህርት ጦጢት ነበረች። በየቀኑ ፊሽካዋን ትነፋለች፤ ጠቦቶቹ ግር ብለው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ይሮጣሉ፣ ገመድ ይዘላሉ፣ የጨርቅ ኳስ ይመታሉ። ኳሷም "ምቱኝ! ደግማችሁ ምቱኝ!" እያለች ትነጥራለች።

ከወንዙ በታች፣ ገደሉ ውስጥ፣ አያ ጅቦ ይኖር ነበር። ልጆቹን ሲያይ ምራቁ ይሞላል። አንድ ቀን አባረራቸው። ፊሽካው ጮኸ፣ ልጆቹ በሽንቁሩ ሾልከው ቤታቸው ገቡ፣ አጣቸው። ሌላ ቀን አባረራቸው፤ አጣቸው። ሦስተኛ ቀን አባረራቸው፤ አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶበት ተመለሰ።

እሾሁን እየነቀለ አሰበ። "እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልፈጥንም። እነሱ ይዘግዩ እንጂ!" አለና ሳቀ።

በወላጆች ስብሰባ ቀን ነጠላ አጣፍቶ፣ ከዘራ ይዞ ብቅ አለ። አውራ በጎቹ ሁሉ ቀንዳቸውን አሾሉ።

"አይዟችሁ፣ አይዟችሁ!" አለ አያ ጅቦ። "እኔ ሥጋ ትቻለሁ። ጥርሴም ሆዴም እንቢ አለኝ። አሁን ጎመን ነው የምበላው።"

"ጎመኑን የት ይዘሩታል?" አለች እመት ዳሚት።

"ጓሮዬ።"

"ጓሮዎ ገደል አይደለም እንዴ?"

"የገደል ጎመን ነው፣ እመቤቴ" አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። "ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የላካችሁት ለምንድን ነው? እንዲማሩ። እነሱ ግን ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ይሮጣሉ! ለመሮጥ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል? ጥንቸል የት ተምራ ነው? ይህ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይቅር። በእሱ ፈንታ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይሰጥ። ልጅ ቁጭ ብሎ ይማር!"

መምህርት ጦጢት ብድግ አለች። "ልጅ ካልሮጠ፣ ካልዘለለ፣ የበላው ሁሉ ጎኑ ላይ ይቀራል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ሒሳቡንም ቢሆን እያንቀላፋ ነው የሚሰማው።"

"አያችሁ!" አለ አያ ጅቦ። "ጦጣ ምን ልትል ኖሯል? መዝለል ሥራዋ ነው። እንጀራዋ እንዳይቀርባት ነው የምትጮኸው!"

በጎቹ ሳቁ። "ይቅር የሚል ሰኮናውን ያንሣ" ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ ሰኮናውን ያነሣው አያ ቀንዶ ነበር። ልጅ ቁጭ ብሎ ይማር የሚለው ቃል ልቡን አሙቆት ነበርና "እህ!" አለ ጮክ ብሎ።

ፊሽካው ኪስ ገባ። ኳሷ ከበሩ ኋላ ተጣለች። ልጆቹም ተቀመጡ።

ከዚያ የአያ ጅቦ ደግነት ጀመረ። መጀመሪያ ፉርሽካ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። "ጭንቅላታቸው ሲሠራ ሆዳቸው እንዳይጎድል" አለ። ልጆቹ በሉ። እሱም አንድ በአንድ ጀርባቸውን በፍቅር ዳበሰ። "እደጉልኝ፣ እደጉልኝ።"

ሁለተኛ ፋጉሎ ይዞ መጣ፤ ከኑግ ዘይት ተጨምቆ የሚቀረውን ማለቴ ነው። ልጆቹ በሉ። አያ ጅቦም ጎናቸውን ጫን ጫን እያደረገ "ተመችቷቸዋል!" አለ።

ሦስተኛ ጨው ይዞ መጣ። ልጆቹ ላሱ፤ ጨው የላሰ ይጠማዋል፣ ውሃ የጠጣ ሆዱ ይከፈታል፣ ሆዱ የተከፈተ ደግሞ ይበላል። አያ ጅቦ ላታቸውን በእጁ መዘን መዘን እያደረገ ዓይኑን ጨፈነ። "አቤት!" አለ። 

ቦቄ ወፈረ። ጎረቤቱ ሁሉ አያ ቀንዶን እያስቆመ "ልጅህ አማረበት! ደላው! ምን ብታበላው ነው?" ይለው ጀመር። አያ ቀንዶም አንገቱን ቀና አድርጎ "እህ" ይላል።

እመት ዳሚት ግን "ኧረ አንተ፣ ልጁ ሲተነፍስ ያፏጫል" አለችው።

"ደልቶት ነው።"

"ከምንጩ እስከ ቤት ሁለቴ ያርፋል።"

"እያሰበ ነው። ተማሪ አይደል?"

ቦቄ ራሱ መጥቶ "አባዬ፣ ኳስ ናፈቀኝ" አለ።

"ቁጭ ብለህ አጥና" አለ አያ ቀንዶ።

አንድ ቀን ቦቄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሽንቁሩ ሊሾልክ ጭንቅላቱን አስገባ። ጭንቅላቱ አለፈ፣ ሆዱ ቀረ።

"ምነው ቦቄ?" አለ አጥሩ። "አምና እኮ በሩጫ ነበር የምታልፈኝ፤ እሾሄ እንኳ አይነካህም ነበር።"

"አጥሬ፣ አንተ ጠብበህ ነው።"

"እኔ እሾህ ነኝ፣ ልጄ። እሾህ አይጠብም።"

እንደ ቡሽ ተወትፎ ዋለ። እናትና አባቱ መጥተው፣ አንዱ ከፊት እየጎተተ፣ አንዷ ከኋላ እየገፋች፣ በስንት መከራ አወጡት። ልጆቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበርም "እኔ ድልድይ አይደለሁም! ሲጥ ሲጥ ስል አትሰሙም?" እያለ ማልቀስ ከጀመረ ሰነባብቷል። አያ ቀንዶ ግን ወንበሩም አጥሩም አርጅተው ነው አለ። አጥሩን ሊያድስ እሾህ ቆረጠ። ወንበሩን በገመድ ጠፈረ።

ያን ሰሞን አያ ጅቦ "በዓል ሲደርስ ተማሪዎቹን በሙሉ ቤቴ እጋብዛለሁ" አለ። "ወላጆች አትድከሙ። ልጆቹ ብቻ ይበቃሉ።"

አያ ቀንዶ ውለታ አይረሳም። ለዚህ ደግ ሽማግሌ ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ አንድ እስር ጎመን ያዘና ገደል ወረደ። አያ ጅቦ ጎመኑን ሲያይ ፊቱ ቅጭም አለ፤ ግን ወዲያው ፈገግ ብሎ "ይግቡ፣ ይግቡ፣ አያ ቀንዶ! አጎዛው ላይ ይቀመጡ፤ የክብር እንግዳ ነዎት። እኔ ይህችን ጎመን ልቀቅላት" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

አያ ቀንዶ አጎዛው ላይ ተቀመጠ።

"ቀስ ብለህ ተቀመጥ፣ ወንድሜ" አለ አንድ ድምፅ።

አያ ቀንዶ ዞር ዞር አለ። ማንም የለም።

"ታች ነኝ። የተቀመጥክብኝ እኔ ነኝ።"

"እህ?" አለ አያ ቀንዶ።

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ። እኔም እንዳንተ በግ ነበርኩ፣ ከወንዝ ማዶ። እኔም ትምህርት ቤት ነበረኝ። እስቲ ልጠይቅህ። የእናንተም ልጆች ሜዳ መውጣት ቀረባቸው?"

"ቀረ።"

"ፉርሽካ መጣ?"

"መጣ።"

"ፋጉሎስ?"

"መጣ።"

"ጀርባቸውን ዳበሰ? ላታቸውን መዘነ?"

አያ ቀንዶ ጎንበስ ብሎ አጎዛውን አየው። "በፍቅር ነው እኮ…"

"ገበያ ላይ ገዢ በግ ሲመርጥ አይተህ አታውቅም? ምኑን ነው የሚዳብሰው?" አለ አጎዛው። "ለመሆኑ ጨውስ መጥቷል?"

"መጥቷል።"

"እንግዲያው ወንድሜ፣ ከጨው በኋላ ድስት ነው።"

አያ ቀንዶ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ታየው። ሙክት እንዴት እንደሚደለብ የማያውቅ በግ አለ? እንዳይንቀሳቀስ አስረህ ታበላዋለህ፤ በቃ። የእሱን ልጅ ግን ማንም ገመድ አላሰረውም። ቁጭ በል ብሎ ያሰረው አባቱ ነው። ሰኮናውንስ ከሁሉ ቀድሞ ያነሣው ማን ሆነና!

ቀንዱን አሹሎ ጓዳ ሊገባ ብድግ አለ። አጎዛው ግን "ተቀመጥ!" አለው። "አሁን ካወቀብህ አንተን እዚሁ ያስቀርሃል። ከዚያ ወጥቶ ልጆቹን ይለቅማል። መሮጥ አይችሉም። ለጊዜው አዘናጋው።"

አያ ጅቦ ጎመኑን በትሪ ይዞ ተመለሰ። አያ ቀንዶ መደንገጡ እንዳይታወቅበት መናገር ነበረበት። በዕድሜው ያላወራውን ወሬ በአንዴ ዘረገፈው። "አያ ጅቦ፣ ቤትዎ እንዴት ያምራል! ጣሪያው ያምራል! ጥላሸቱም ያምራል! ያ ጓዳ ያለው ድስትስ… ትልቅ ነው፣ እግዜር ይባርከው!"

"ዛሬ ምን ነካዎት? ሲናገሩ ሰምቼም አላውቅ" አለ አያ ጅቦ ዓይኑን አጥብቦ።

"ደስታ ነው!" አለ አያ ቀንዶ፤ ከጭንቀቱ ብዛትም ጎመኑን ጠቅልሎ ወደ አያ ጅቦ አፍ ሰደደ። "ይጉረሱ! በሞቴ!"

"በሞትዎማ እጎርሳለሁ" አለ አያ ጅቦ፣ በጎኑ እያየው። ሥጋ ትቻለሁ ያለ ጎመን እንቢ አይልም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዋጠ።

አያ ቀንዶ ያን እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት።

ወደ መንደር ሲመለስ እንደ ጠቦት ነው የሮጠው። ወላጆቹን በሙሉ ሰብስቦ መናገር ጀመረ። አንድ ጎረቤቱ ሰማይ ሰማይ እያየ "እህሌን ላስገባ" ብሎ ሊሄድ ተነሣ፤ ሚስቱ ጎትታ አስቀመጠችው። አያ ቀንዶ አጎዛው ያለውን ሁሉ ነገራቸው። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወደ መምህርት ጦጢት ዞረ። "መምህርት፣ ፊሽካውን አውጪልን። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

ጦጢት ፊሽካውን ከኪሷ አወጣችና በቀሚሷ ጠረገችው። "ልጆቹን እንዳትቆጡ" አለች። "ወፍራም ብሎ የሚሳደብም እንዳልሰማ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ደግሞ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር የለም። ዛሬ ይራመዳሉ፣ ሲለምዱ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ።"

"እኛስ?"

"እናንተም ሜዳ ትወጣላችሁ። ልጅ የሚያየውን ነው የሚያደርገው።"

ኳሷ ከበሩ ኋላ ወጣች። "ረሳችሁኝ ብዬ ነበር! ምቱኝ!" አለች። ቦቄ መታት፤ ሮጦ ሊያገኛት ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለ።

"ቲቸር፣ አልችልም።"

"እዚህ ድረስስ ማን ሮጠ?"

"እኔ።"

"ነገ እስከዚያች ድንጋይ" አለች ጦጢት።

አያ ቀንዶ ገመድ ለመዝለል ተሰለፈ። ገመዱም "ዝለል፣ አያ ቀንዶ! ዝለል! ኧረ ቀንድህን ከላዬ ላይ አንሣ!" እያለ ጮኸ። አያ ቀንዶ ገመዱን ቀንዱ ላይ ጠምጥሞ በአፍጢሙ ተደፋ። ልጆቹ እስኪያማቸው ሳቁ። ቦቄ አባቱ ሲወድቅ አይቶ አያውቅም ነበር። መጥቶ ገመዱን ከቀንዱ ላይ ፈታለትና "አባዬ፣ እግርህን አንድ ላይ አንሣ፤ እንዲህ" ብሎ አሳየው። ሲያሳየው ራሱ ዘለለ። ከዘለለ ቆይቶ ነበር።

አያ ጅቦ በመጣ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ደወል ካን! ይላል፤ ልጆቹ ሜዳ መውጣታቸው እንዳይታወቅ እየተንደረደሩ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ወላጆቹም አያ ጅቦን ከበው "የትምህርት አባት! እዚህ ጋ ይቀመጡ!" ብለው አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከልጆቹ ጎን ያስቀምጡታል። ያመጣውን ፉርሽካ ከፋጉሎው ጋር ያቦኩና ለራሱ ያቀርቡለታል። አያ ቀንዶ ጠቅልሎ "በሞቴ!" ይላል፤ አያ ጅቦ ይጎርሳል። እመት ዳሚት ጠቅልላ "በልጄ!" ትላለች፤ ይጎርሳል። ጎረቤቱ "እኔንስ ሊንቁኝ ነው?" ይላል፤ ይጎርሳል። እንቢ ካለ ውሸቱ ሊወጣበት ነው። በመጀመሪያ ሳምንት እያቅለሸለሸው ዋጠ። በሁለተኛው ለመደው። በሦስተኛው "ዛሬ ጨው አነሰው" ማለት ጀመረ። በልቶ ያንቀላፋል። ጀርባ መዳበሱንም ተወው፤ ለመነሣት ይከብደው ነበርና።

ወንበሩ "ይህኛውስ ከሁሉም ባሰ!" ብሎ ሲጮህ የሰማው የለም። አንድ ቀን ከመሐሉ ቀረጨጭ ብሎ ተሰበረና አያ ጅቦን መሬት ላይ ዘረጋው። "ነግሬያለሁ!" አለ ወንበሩ። "ድልድይ አይደለሁም ብያለሁ!"

በዓሉ ደረሰ። አያ ጅቦ ጆንያ በትከሻው ይዞ ሜዳው ላይ ቆመ። ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል።

"በሉ ልጆች፣ ተሰለፉ! ወደ ድግሱ እንሂድ። ወፈር ወፈር ያላችሁ ከፊት!"

ፊሽካው ጮኸ።

ልጆቹ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈተለኩ። አያ ጅቦ "ምን ጉድ ነው!" ብሎ ጆንያውን ጣለና ተከተለ። ፊት ያሉት በሽንቁሩ ሾለኩ፣ መካከለኞቹ ሾለኩ። ቦቄ ከመጨረሻዎቹ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አያ ቀንዶ ቆሟል። አጥሩን ያን ሰሞን በአዲስ እሾህ ያጠበቀው ራሱ ነው፤ ሊዘለው አይችል፣ ሊያልፈው አይችል። ልጁ ከፊት ሲሮጥ፣ አያ ጅቦ ከኋላ እያለከለከ ሲመጣ ማየት ብቻ ነው።

"ቦቄ፣ አትቁም! ልጄ፣ ሩጥ! ሩጥ!" ብሎ ጮኸ። ያ ልጄ ይቀመጥ ሲል የኖረው አባት!

ቦቄ ድንጋይዋን አለፈ። ትንፋሹ ቀጭን ነው፤ ግን አለ። ጭንቅላቱን ሽንቁሩ ውስጥ አስገባ። ሆዱ ያዝ አደረገው።

"ተንፍስና ግፋ፣ ልጄ" አለ አጥሩ። "እኔ አልሰፋሁም። አንተ ግን ታልፋለህ።"

ቦቄ ተነፈሰ፣ ገፋ፣ አለፈ። እሾሁ ላይ አንድ እፍኝ ፀጉር ብቻ ቀረ። አባቱ እግር ሥር ወደቀ።

አያ ጅቦም ጭንቅላቱን አስገባ። ጭንቅላቱ አለፈ፣ ሆዱ ቀረ። ወደፊት ቢገፋ እንቢ። ወደኋላ ቢስብ እንቢ።

"አጥር ሆይ፣ ጠበብክ እንዴ?"

"እኔ እሾህ ነኝ፣ አያ ጅቦ" አለ አጥሩ። "የገደል ጎመን ይሆናል።"

አያ ቀንዶ ቀንዱን አሹሎ ፊቱ ቆመ። ቆመና አየው። ከዚያ "መምህርት፣ ተማሪ አለሽ" አለ።

መምህርት ጦጢት መጣችና ፊሽካዋን ነፋች። "አያ ጅቦ! አንገት ወደ ግራ! አንገት ወደ ቀኝ! ሆድ ወደ ውስጥ! አንድ፣ ሁለት!"

አያ ጅቦ በየስፖርቱ ክፍለ ጊዜ እዚያው ሽንቁሩ ውስጥ እንዳለ ሠራ። ኳሷም ከኋላው እየነጠረች "ይበርቱ!" ትለው ነበር። ከስቶ፣ እንደ ድሮው ሆኖ ሲወጣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ነበሩ። አያቸው። እነሱም አዩት። ሁሉም ለመሮጥ እግራቸውን አዘጋጁ። አያ ጅቦ አንዴ ሽንቁሩን፣ አንዴ ፊሽካውን ተመለከተና ዞሮ ሄደ። አገር ለቆ ሲሄድ አጎዛውን ገደሉ ውስጥ ጥሎ ነው፤ በጎቹ ወርደው አምጥተው ከኮረብታው አናት ላይ፣ ሜዳው በሚታይበት ቦታ፣ በወጉ ቀበሩት።

ቀጥሎ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ "የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይመለስ የሚል ሰኮናውን ያንሣ" ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ ያነሣው አያ ቀንዶ ነበር። ሁሉም ንግግር ያደርጋል ብለው ጠበቁ። ጎረቤቱም ሰማይ ሰማይ አየ።

"እህ" አለ አያ ቀንዶ። ተነሥቶም ገመድ ሊዘል ወጣ።

ተረቴ ይኸው ነው። ልጁን የሚወድ አባት ያብላው፣ ያስተምረው፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ሜዳ ያውጣው። የሚያበላህና ቁጭ በል የሚልህ ግን ጓዳው ውስጥ ምን የሚያህል ድስት እንዳለው አስቀድመህ እይ።

በሉ፣ ቆማችሁ የሰማችሁ ተባረኩ። ሾልካችሁ የተቀመጣችሁትንም አይቻለሁ። ተነሡ፤ እስከ አጥሩ ሮጣችሁ ተመለሱ።